ከረዳት ምሩቅ እስከ ፕሮፌሰር፦ ስለ ኢኮኖሚክስ ምርምር የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደረሱን ናቸው። መልሱን ያዘጋጁልን በዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምሩና የሚመራመሩ ባለሙያዎች ናቸው።

«ልጄ በጥሩ ውጤት ተመርቆ እዚያው ዩኒቨርሲቲው በኢኮኖሚክስ መምህርነት አስቀርቶታል። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ፕሮፌሰር› ይለዋል፤ እሱ ግን ‹ገና ጂ.ኤ ነኝ› ይለኛል። ስንት ዓመት ቀረው? ሥራውስ ማስተማር ብቻ ነው?»
እናት፣ ከሐሙሲት

እናታችን፣ ልጅዎ እውነቱን ነው የነገረዎት። ጂ.ኤ ማለት ረዳት ምሩቅ ነው፤ በመጀመሪያ ዲግሪ የተቀጠረ ሰው የሚቆምበት የመጀመሪያው እርከን። ቱቶሪያል ይይዛል፣ ፈተና ይፈትናል፣ ወረቀት ያርማል። ቀጥሎ ረዳት ሌክቸረር፣ በሁለተኛ ዲግሪ ሌክቸረር፣ በሦስተኛ ዲግሪ ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል። ከዚያ በላይ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር አሉ። እስከ ረዳት ፕሮፌሰር የሚያደርሰው በዋናነት ዲግሪው ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት እርከኖች ግን ዲግሪ አይከፍታቸውም፤ የታተመ ምርምር፣ የማስተማር ውጤትና ለኅብረተሰቡ የተሰጠ አገልግሎት ተመዝነው ነው የሚገኙት። ከምረቃ እስከ ፕሮፌሰርነት አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ቢፈጅ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሥራው ማስተማር ብቻ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ስለሆነ፣ ፔዳ በሚባለው ግቢው ያለ መምህር ከክፍል ሲወጣ የሚጠብቀው ሌላ ሥራ አለ፦ መረጃ ማሰባሰብ፣ መተንተን፣ መጻፍ፣ ተማሪዎችን ማማከር። ሰው በብዛት የሚዘገየው በሦስተኛ ዲግሪው ነው። መጀመሪያ ኮርስ ይወስዳል፤ ማይክሮ፣ ማክሮና ኢኮኖሜትሪክስ (ኢኮኖሚክስን በስታቲስቲክስ የሚለካው ትምህርት)። ከዚያ አጠቃላይ ፈተና፣ ከዚያ ፕሮፖዛል ማጽደቅ፣ ከዚያ መስክ። በኢኮኖሚክስ የመመረቂያው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ራሳቸውን የቻሉ ጥናቶች ስብስብ ነው፤ ስለዚህ አንዱ አልቆ ሌላው ገና ጅምር ሊሆን ይችላል። «መቼ ትጨርሳለህ?» ብለው ከሚጠይቁት «ስንተኛው ጽሑፍ ላይ ደረስህ?» ቢሉት መልስ ያገኛሉ፤ እሱም ደስ ይለዋል።

«የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ የቆጋ መስኖ በገበሬው ገቢ ላይ ያመጣውን ለውጥ ይመለከታል። ከአምስት ቀበሌ 5,000 አባወራ አለ፤ በያማኔ ቀመር 370 ናሙና አገኘሁ። ተጠቃሚና ተጠቃሚ ያልሆነውን በፒኤስኤም (የሚመሳሰሉትን ሰዎች አጣምሮ በሚያወዳድረው ዘዴ) አወዳድራለሁ። ገምጋሚው ‹ናሙናህ በቂ አይደለም› አለኝ። ቀመሩ ላይ ተሳስቻለሁ?»
የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ስሌቱ ላይ አልተሳሳቱም። 5,000 ለ(1 + 5,000 × 0.0025) ሲካፈል 370 ይሆናል፤ 0.0025 የሚፈቀደው የ5 በመቶ ስሕተት በራሱ ሲባዛ ነው። ችግሩ ቀመሩ የተሠራለት ሥራ ሌላ መሆኑ ላይ ነው። የያማኔ ቀመር ከአንድ ሙሉ ዝርዝር በቀጥታ ዕጣ ወጥቶ፣ «ከመቶ ስንቱ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ሲጠየቅ የሚያገለግል ነው። በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ግን ለሁሉም ዓይነት ጥያቄ ይገባል፤ ይህ ልማድ ቢቀር እጅግ ደስ ይለን ነበር።

እርስዎ ከአምስት ቀበሌ በየቀበሌው 74 ሰው ይጠይቃሉ። የአንድ ቀበሌ ሰው አፈሩ፣ ዝናሙ፣ ገበያው አንድ ስለሆነ መልሱ ይመሳሰላል፤ ሰባ አራተኛው ሰው ከሰባ ሦስቱ የተለየ ብዙ ነገር አይነግርዎትም። ይህን መመሳሰል በቁጥር ማስገባት ይቻላል፦ 1 + (ከአንድ ክላስተር፣ ማለትም ከአንድ ቀበሌ ወይም ጎጥ፣ የሚጠየቀው ሰው ብዛት − 1) × የመመሳሰሉ መጠን። መመሳሰሉ 0.1 ነው እንበል። 1 + 73 × 0.1 = 8.3። 370ን ለ8.3 ሲያካፍሉት 45 ይቀራል። 370 ሰው ጠይቀው የ45 ሰው ያህል ዕውቀት ይዘው ይመለሳሉ ማለት ነው። ያንኑ 370 ሰው ከ37 ጎጥ አሥር አሥር አድርገው ቢወስዱ ማካፈያው 1.9 ይሆናል፤ የ195 ሰው ዕውቀት ያገኛሉ። የአበል ወጪው ትንሽ ይጨምር ይሆናል፤ የመጓጓዣው ደግሞ ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ ጥቅሙ ግን ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ትንተናው ላይም፣ በስታታ ሶፍትዌርም ይሁን በአር፣ ስታንዳርድ ኤረሩን (የግምቱን የስሕተት መጠን) በክላስተር ማስላት አይርሱ።

ዕጣ የሚወጣበት ዝርዝር ላይ ጊዜ ይስጡ። ቀበሌው የሚያሳይዎት መዝገብ ብዙ ጊዜ የመሬት ግብር ከፋዮች ዝርዝር ነው። ገና መሬት ያላገኙ አዳዲስ ጎጆ ወጪዎችና የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ እዚያ ውስጥ የሉም፤ ባላቸው የሞተባቸው እማወራዎች ደግሞ በሟቹ ስም እንደተመዘገቡ የቀሩ ይኖራሉ። ከጎጡ ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው ስም በስም አንብቡ፤ የሞተውን ሰርዙ፣ የጎደለውን ጨምሩ፣ ከዚያ ቁጥር ስጡ። በአንድ ጎጥ 312 ቤት ቢገኝና 12 ቢፈልጉ እርምጃው 26 ነው። ከ1 እስከ 26 አንድ ቁጥር በዕጣ ያውጡ፤ 17 ከወጣ 17፣ 43፣ 69 እያሉ እስከ 303 ይሄዳሉ። መረጃ ሰብሳቢው «ቤት አላገኘሁትም» ብሎ ጎረቤቱን እንዲተካ አይፍቀዱለት፤ ቤት የማይገኘው ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ ያለው ሰው ነው፤ እሱ ሲጎድል የገቢ አማካዩ ይዛባል። በገበያ ቀን ቤት የሚገኘው ጥቂት ነው። በ12፣ በ21፣ በ29 ግን ሞፈር ስለማይነሣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገበሬውን በእርጋታ ታገኙታላችሁ።

ወደ ፒኤስኤም ስንመጣ፣ ዘዴው የሚያመሳስለው እርስዎ የጠየቁትንና የመዘገቡትን ብቻ ነው። ቦዩ የሄደው ሜዳውን ተከትሎ ነው፤ ሜዳው ደግሞ ከመስኖው በፊትም ከዳገቱ የተሻለ ያመርት ነበር። ይህን የቀድሞ ልዩነት ዕድሜና የትምህርት ደረጃ በማመሳሰል አያጠፉትም። የሚሻለው የመስኖው መሬት የሚያልቅበትን ጠርዝ ይዞ፣ ከጠርዙ ወዲህና ወዲያ ያሉ ቅርብ ለቅርብ የሆኑ ማሳዎችን ማወዳደር ነው። አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ከቦዩ ውጭ የሚኖር አባወራ ከቦዩ ውስጥ መሬት በእኩል ሊያርስ፣ ወይም በበጋው ድንችና ሽንኩርት ሲለቀም በቀን ሥራ ሊሰማራ ይችላል። «ተጠቃሚ ነህ?» ብለው ከጠየቁት «አይደለሁም» ይልዎታል፤ ገቢው ግን የመስኖ ነው። ስለዚህ መጠይቁ በቤተሰብ ሳይሆን በማሳ ይሁን፤ እያንዳንዱ ማሳ የማን ነው፣ ማን ያርሰዋል፣ ውኃ ይደርሰዋል ወይ፣ ምርቱ እንዴት ይከፈላል።

«ለመስክ ሥራ የሚሆን ገንዘብ የለኝም። በነጻ በሚገኝ መረጃ ስለ ፎገራ ሩዝ አምራቾች ጽፌ ማሳተም እችላለሁ?»
የኮሌጅ መምህር፣ ከወረታ

በነጻ የሚገኝ ጥሩ መረጃ አለ። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት አምስት ዙሮች ወጥተውለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2011/12፣ 2013/14፣ 2015/16፣ 2018/19 እና 2021/22። በዓለም ባንክ የማይክሮዳታ ገጽ ተመዝግበው፣ ለምን እንደሚፈልጉት ጽፈው ያወርዱታል። ቆየት ያለውም አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የተመራው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በ15 መንደሮች 1,477 ቤተሰቦችን እስከ 2009 ተከታትሏል። ከጎጃም የትመን አንዷ ናት።

ነገር ግን በዚህ መረጃ «የፎገራ ወረዳ አማካይ ይህ ነው» ማለት አይቻልም። ናሙናው ለክልል እንጂ ለወረዳ አይወክልም። በመጀመሪያው ዙር ከእያንዳንዱ የቆጠራ ቦታ የተወሰዱት 12 ቤተሰቦች ብቻ ነበሩ፤ ከፎገራ የሚያገኙት ጥቂት ቢሆን አይግረምዎት። ከጣና ዳር ያለውን ርቀት ለመለካት ካሰቡም፣ የቤቶቹ መገኛ ሆን ተብሎ ተንሸራትቷል፤ በገጠር በአብዛኛው እስከ 5 ኪሎ ሜትር። ይህ የሰዎቹን ማንነት ለመጠበቅ የተደረገ ነው፤ ከእርጥብ መሬቱ ዳር ያለው ቤት ካርታው ላይ ዳገት ላይ ሊያገኙት ይችላሉ። ሌላው፣ 2018/19 ላይ ናሙናው እንደ አዲስ ስለተመረጠ የቀድሞዎቹን ሦስት ዙሮች ቤተሰቦች ከእሱ ጋር ማገናኘት አይቻልም።

ስለዚህ ምክራችን ርዕሱን ሰፋ ማድረግ ነው፦ «በአማራ ክልል የሩዝ ማሳ ያላቸውና የሌላቸው» ቢሉ ያስኬዳል። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ።

የማሳ ስፋት ገበሬው በነገረው ጥማድ ሳይሆን በጂፒኤስ የተለካውን ይውሰዱ። ሰው ትንሽ ማሳን አተልቆ፣ ትልቁን አሳንሶ መገመት ይቀናዋል፤ በዚያ ከተሠራ ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ከእውነቱ ያነሰ፣ ትልቅ ማሳ ያለው ደግሞ ከእውነቱ የበለጠ ምርት በሄክታር ያገኘ ይመስላል።

ኩንታል ሁልጊዜ መቶ ኪሎ አይደለም። በአነጋገር ኩንታል ማለት አንድ ሙሉ ጆንያ ሊሆን ይችላል፤ ጆንያ ሙሉ ጤፍና ጆንያ ሙሉ ያልተፈተገ ሩዝ ደግሞ ሚዛን ላይ አይተካከሉም። ያልተፈተገ ሩዝ ሲፈተግ ክብደቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። አንዱ የተፈተገውን፣ ሌላው ያልተፈተገውን ቆጥሮ ከነገረዎት ምርታማነታቸው የተለያየ ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን ወፍጮ ቤት ላይ የመጣ ነው። እርስዎ ያሉት ወረታ ስለሆነ ይህን ማጣራት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሰው በገበያ ቀን ሠላሳ ጆንያ ይመዝኑ፤ የፍተጋውንም ውጤት ከወፍጮ ቤት ይመዝግቡ። ያ ትንሽ ሠንጠረዥ በጽሑፍዎ ውስጥ ትልቅ ክብር ያገኛል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ምግብ የሚጠየቀው ባለፉት ሰባት ቀናት ስለተበላው ነው። ጠያቂው በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ቢመጣ ወተት፣ ሥጋና እንቁላል ባዶ ይሆናሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ቢመጣ ደግሞ ከልክ ያለፈ። የቃለ መጠይቁን ቀን አይተው ጾሙን እንደ አንድ ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) በትንተናው ያስገቡ። የዘመን ቀመሩንም ሲለውጡ ሁልጊዜ 8 አይደምሩ፤ የኅዳር 2011 አጨዳ በፈረንጅ 2018 ነው፣ ሚያዝያ 2011 ግን 2019።

«አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ኢኮኖሚክስ እወዳለሁ፣ ሒሳብ ግን ብዙ አይሆንልኝም። ይቻላል?»
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ለመጀመሪያ ዲግሪ ይቻላል። መምህርና ተመራማሪ መሆን ካሰብህ ግን ሒሳቡን ልትሸሸው አትችልም፤ ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ይደርስብሃል። የሚያስፈልግህ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባብሊቲ ነው። ከሦስቱ ፕሮባብሊቲን አስቀድም፤ ኢኮኖሜትሪክስ የሚባለው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የቆመው። በቀን አንድ ሰዓት እየሰጠህ ጥያቄውን በእጅህ እስከ መጨረሻው ሥራ፤ መልሱን አይቶ «ገብቶኛል» ማለት ፈተና ላይ አያድንም።

«በአምስት ቀን እናትምልዎታለን፣ ክፍያው 150 ዶላር ነው የሚል ኢሜይል ከአንድ ዓለም አቀፍ ጆርናል ደረሰኝ። ለደረጃ ዕድገት አንድ ጽሑፍ ነው የጎደለኝ። ልላክ?»
ሌክቸረር፣ ከፔዳ ግቢ

አይላኩ። በአምስት ቀን ውስጥ ጽሑፍ አንብቦ የሚገመግም ሰው የለም። በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያው ምላሽ ብቻ ወራት ይፈጃል፤ ከመላክ እስከ መታተም ዓመት፣ ሁለት ዓመት መሄዱ የተለመደ ነው። ገንዘቡ ሄዶ የሚቀር ነው፤ የባሰው ግን ጽሑፉ አንዴ እዚያ ከወጣ ሌላ ቦታ ማሳተም አለመቻልዎ ነው። የሁለት ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ይባክናል።

ጆርናሉን እንዲህ ይመርምሩ። ስሙን ስኮፐስ በሚባለው የጆርናሎች ዝርዝር ወይም በዲ.ኦ.ኤ.ጄ (በነጻ የሚነበቡ ጆርናሎች ማውጫ) ይፈልጉ፤ ሲያገኙት የአይ.ኤስ.ኤስ.ኤን ቁጥሩን፣ ማለትም የጆርናሉን መለያ ቁጥር፣ ከድረ ገጹ ጋር ያመሳክሩ፣ የእውነተኛ ጆርናል ስም ሰርቀው የሚነግዱ አሉና። ከአርታኢዎቹ የሁለቱን ስም ወስደው በየዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ ጆርናሉን መጥቀሳቸውን ይዩ። ያለፈውን እትም ሁለት ጽሑፍ ያንብቡ፤ ሠንጠረዡ የተዝረከረከ፣ ጥናቱ ከዘርፉ ውጭ ከሆነ ይተውት። ክፍያ የሚጠይቁ ደኅና ጆርናሎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተመራማሪዎች ክፍያውን ይተዉላቸዋል። ይህን ጽሑፉን ሲልኩ ይጠይቁ፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ቢጠይቁ ላይሰጡዎት ይችላሉ። ያለ ክፍያ የሚያነቡባቸውም መንገዶች አሉ፤ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተቋምዎ በኩል ይከፈታል፣ ሪፔክ በሚባለው የኢኮኖሚክስ ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ገና ያልታተሙ የሥራ ጽሑፎች በብዛት ይገኛሉ። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበርም የራሱን ጆርናል ያወጣል፤ በአገር ውስጥ ጉዳይ ላይ ለተሠራ ጥናት ጥሩ ቤት ነው።

የደረጃ ዕድገቱን ፋይል በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው በጽሑፍ እጥረት ሳይሆን በማስረጃ ነው። ጽሑፉ በወጣበት ሳምንት ጆርናሉ በየትኛው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ የሚያሳየውን ገጽ ቀን ያለበት አድርገው አትመው ያስቀምጡ፤ ጆርናል ከዝርዝር ይሰረዛልና ከሦስት ዓመት በኋላ ማሳየት ይቸግራል። የተማሪ ምዘና ውጤት በየሴሚስተሩ፣ የማማከር ደብዳቤ በየዓመቱ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ይሁን። አንድ የሙያችን ልዩ ነገርም አለ፦ በኢኮኖሚክስ የጋራ ጸሐፊዎች ስም ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው የሚሰፈረው። የሌላ ዘርፍ ሰው የተቀመጠበት ኮሚቴ ግን መጀመሪያ የተጻፈውን ዋና ጸሐፊ አድርጎ ይቆጥራል። ስምዎ በ«ወ» ወይም በ«ዘ» የሚጀምር ከሆነ ማን ምን እንደሠራ የሚገልጽ፣ ሁሉም ጸሐፊዎች የፈረሙበት አንድ ገጽ ከፋይሉ ጋር ያያይዙ። ይህች አንድ ገጽ ተረስታ የዘገየ ዕድገት ጥቂት አይደለም።

«ዓሣ አስጋሪ ነን። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ነን የሚሉ ወጣቶች መጥተው ‹በዓመት ስንት ኪሎ ታወጣላችሁ፣ ገቢያችሁ ስንት ነው› ይሉናል። ጽፈው ይሄዳሉ፤ ተመልሶ የመጣ የለም። መመለስ ግዴታችን ነው? እኛስ ምን እናገኛለን?»
የአስጋሪዎች ማኅበር አባል፣ ከጣና ዳር

ግዴታ የለባችሁም። አንድ ጥያቄ ዘልላችሁ ሌላውን መመለስ፣ መሀል ላይ ማቆምም ትችላላችሁ። ጠያቂው ከመጀመሩ በፊት ይህን ራሱ ሊነግራችሁ ይገባል። ካልነገራችሁ ከየትኛው ተቋም እንደመጣ፣ ደብዳቤውን፣ የአማካሪውን ስምና ስልክ ጠይቁት። ስማችሁ የት እንደሚቀመጥም ጠይቁ፤ ትክክለኛው አሠራር ስሙ በአንድ ፋይል፣ መልሱ በሌላ ፋይል ሆኖ በቁጥር ብቻ የሚገናኝበት ነው። መልሱ ለግብር ቢሮ አይሄድም። ይህን የምንለው ግብርን ፈርቶ ቁጥር ማሳነስ የተለመደ ስለሆነ ነው፤ ያነሰ ቁጥር ከምትሰጡ «ይህን አልመልስም» ብትሉ ለእኛ እጅግ ይሻላል። ባዶ ቦታን ማየት እንችላለን፤ የተሳሳተ ቁጥርን ግን ከትክክለኛው መለየት ያዳግተናል። ከጣና የሚወጣው ዓሣ ከእውነቱ አንሶ ከተጻፈ፣ እንቦጭ ወይም የደንገሉ መመንጠር ያደረሰባችሁ ጉዳትም አንሶ ይጻፋል።

በጥያቄው ላይ ያላችሁ ቅሬታ ግን ትክክል ነው። «በዓመት ስንት ኪሎ» የሚለው ክፉ ጥያቄ ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣል፤ ቀረሶና አምባዛ የየራሳቸው ወቅት አላቸው፤ በጾም ዋጋው ይወደዳል። ይህን ሁሉ ደምሮ በአንድ ቁጥር መናገር ለማንም አይቻልም። በደንብ የተዘጋጀ ጠያቂ «ትናንት ማታ ስንት መረብ ጣላችሁ፣ የመረቡ ዓይን ስንት ጣት ነው፣ ከዚያ ምን ምን ወጣ፣ ለማን በስንት ሸጣችሁ» ይላል፤ ከዚያ በሌላ ወቅት ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል። ዓሣው እየቀነሰ መሆኑ የሚታወቀው ከጠቅላላው ኪሎ አይደለም። በአንድ መረብ፣ በአንድ ሌሊት የሚገኘው ሲያንስ ነው። ኪሎው ሳይቀንስ መረቡ እጥፍ ሆኖ ሊሆን ይችላልና።

የምታገኙትን በተመለከተ፣ የመምህሩ ዕድገት የሚታሰበው በታተመው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ወደ እናንተ ተመልሶ መምጣት ብዙ ነጥብ የማያስገኝ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ይህ መስተካከል ያለበት ጥፋት ነው ብለን እናምናለን። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ዋና ሥራቸው እንደ ግጦሽ፣ ደንና የዓሣ ሀብት ያለውን የጋራ ነገር ሰዎች ራሳቸው ባወጡት ሕግ እንዴት ጠብቀው እንደሚኖሩ ማሳየት ነበር። ያ ሊታወቅ የቻለው የየአካባቢው ሰው የራሱን ደንብ ስለነገራቸው ነው። የእናንተም ማኅበር የትኛው ቦታ መቼ እንደማይጠመድ፣ ደንብ የጣሰ ምን እንደሚቀጣ የራሱ ስምምነት ካለው፣ ለጠያቂው ከኪሎው በፊት እሱን ንገሩት።

በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ ማኅበራችሁ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ወረቀት ያስፈርማቸው፤ ሥራው ሲያልቅ ውጤቱን በአማርኛ፣ ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጽፈው እንደሚያመጡና በስብሰባ ላይ እንደሚያነቡ፣ ወሩም ተጠቅሶ። ቅጂው ለተማሪው አማካሪ ይድረስ። ለመምህሩም የማኅበረሰብ አገልግሎት ሆኖ ይያዝለታል፤ ባነበበበት ቀን ማኅበሩ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይስጠው።